ኮምፒዩተሩ በጨረታ ይገዛል፤ ሙያውስ?

በሰሜን ወሎ ገበያ ስማቸው በብዛት የሚነሳው እህል፣ በግና ማር ናቸው። ከላስታ ደጋ ገብስና በግ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከቆላው ማሽላና ጤፍ ወደ ደጋው ይወጣል። ላሊበላ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትገበያየው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በኩንታል የማይሰፈር፣ በሚዛን የማይወጣ፣ ነገር ግን የአካባቢውን ገበያ ወደፊትም ወደኋላም ሊጎትት የሚችል አንድ ሌላ ሀብት አለ። እርሱም የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት የመሥራት ችሎታ ነው።

ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም በአንድ የክልል ከተማ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴው መንገር አያስፈልግም። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ይቀልባል፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ በርበሬና ማገዶ ይገዛል፤ ወረቀት፣ ወንበር፣ የላቦራቶሪ ዕቃና ኮምፒዩተር በጨረታ ያስመጣል፤ ሕንፃ ያሠራል። ዕቃ አቅራቢው ገንዘቡን የሚያገኘው የግዥና የፋይናንስ ሠራተኛው ሰነዱን አዘጋጅቶ ሲጨርስ ነው። ባንኩ፣ ሆቴሉና አስጎብኚ ድርጅቱ የሚቀጥሩት ወጣትም ከዚያው ግቢ ይወጣል። የሠራተኛው ሙያ ሲጎድል ክፍያው ይዘገያል፣ ምሩቁም ሳይበስል ይወጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የገበያ ጉዳይ ነው።

መኪና የሚጭነውና የማይጭነው

ላስታ ተራራማ አገር ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር ያልፋል፤ የላሊበላ ከተማም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከወልዲያ የሚነሳ የጭነት መኪና የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ ጋሸና ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፍና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ዕቃ ሁሉ የነዳጅና የጊዜ ዋጋ ይጨመርበታል። አንድ ኮምፒዩተር ሲበላሽ ጠጋኝ ፍለጋ ወደ ወልዲያ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ የሚወጣው ወጪም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

በዞኑ የሚገኘው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዕድሜው ከአንጋፋዎቹ ጋር ሲነጻጸር ገና ነው፤ በዚያ አጭር ዕድሜ የደረሰበት መከራ ግን ከባድ ነበር። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ላሊበላ፣ በነሐሴ ወር ደግሞ ወልዲያ በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ገቡ። ላሊበላ መሐል ላይ እጅ ብትለዋወጥም ሁለቱም ከተሞች ከጦርነቱ የወጡት በታኅሣሥ 2014 ነበር። በእነዚያ ወራት ዩኒቨርሲቲው ዘረፋና ውድመት ከደረሰባቸው ተቋማት አንዱ ሆነ። ላሊበላም ለወራት ያለ መብራት ቆየች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለንግድ ሰው ግልጽ ነው። ኮምፒዩተር የሚጫን ዕቃ ነው፤ ፕሪንተርና ፕሮጀክተርም እንዲሁ። በመኪና የመጣ በመኪና ይሄዳል። በሠራተኛው አእምሮ ውስጥ ያለው ችሎታ ግን አይጫንም። ከግቢው ሸሽቶ የወጣ መምህር ፈተና ማውጣት፣ ዳታ መተንተንና የኮርስ ጽሑፍ ማዘጋጀት የሚችል ከሆነ ሲመለስ ሥራውን በባዶ ክፍልም ይጀምራል። ሙያው የሌለው ግን አዲሱ ዕቃ ሲመጣም ካርቶኑን አይከፍትም።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። ኮምፒዩተር ሲጠፋ የሚጠፋው ብረቱ ብቻ አይደለም። የተማሪ ውጤት፣ የጥናት መረጃ፣ የንብረት መዝገብና ያልተከፈለ የአቅራቢ ሰነድ አብሮ ይሄዳል። ሰነዱን በሌላ ቦታ ቅጂ አድርጎ የማስቀመጥ ልማድ የሚጠይቀው ትንሽ ወጪና ትንሽ ዕውቀት ነው። ይህችን ልማድ በሠራተኛው ዘንድ ማስረጽ ከብዙ አዳዲስ ማሽኖች የበለጠ ዋጋ የሚኖረው ቀን እንዳለ ሰሜን ወሎ አይቷል።

የፕላዝማው ትምህርት

በአገራችን ማሽን ከሰው ቀድሞ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው፣ በብዙ ወጪ የተተከለ ነበር። ትምህርቱ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፤ መምህሩ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ በተረፈችው ደቂቃ ማብራሪያ ይሰጣል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ማሽኑ የመምህሩ መሣሪያ መሆን ሲገባው መምህሩ የማሽኑ ረዳት ሆነ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ስክሪኑ ከጊዜ በኋላ አቧራ ጠጥቶ መቅረቱን ያላየ የለም።

በዩኒቨርሲቲዎች ያለው ችግር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። የመንግሥት ግዥ አሠራር ለሚታይ ዕቃ የተመቸ ነው። ኮምፒዩተር ዝርዝር መግለጫ ይወጣለታል፣ ጨረታ ይወጣበታል፣ ሞዴል ተሞልቶ ንብረት ክፍል ይገባል፣ ኦዲተር ይቆጥረዋል። ሥልጠና ግን አይቆጠርም። በጨረታ ሰነድ ውስጥ ሥልጠና የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፤ አቅራቢው አንድ ባለሙያ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ልኮ ማሽኑን ያስነሳል፣ ፊርማ ይቀበላል፣ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ለጽሕፈት ብቻ ይውላል። የጽሕፈት መኪናን ሥራ ለመሥራት ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም ነበር።

ስሌቱ ምን ይላል?

ይህ ብክነት ዱሮም ነበር። አሁን ግን ዋጋው ንሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ ያህል በውጭ አገር 500 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ እንውሰድ። ቀረጥ፣ መጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከል በ57 ብር ሲሰላ 28,500 ብር ነበር። ዶላሩ በ140 ብር ቢሰላ 70,000 ብር ይገባል። ለአንድ መቶ ላፕቶፕ የተያዘ 7 ሚሊዮን ብር በቀድሞው ምንዛሪ 245 ላፕቶፕ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

በሌላ በኩል በመስከረም 2018 በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። እንግዲህ ያ ላፕቶፕ የዚህን ሠራተኛ የስድስት ወር ደመወዝ ይጠይቃል። ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ቤቱ እንዲለማመድ መጠበቅ ዘበት ነው። ተቋሙም በ70,000 ብር የገዛውን ማሽን የማይጠቀምበት ከሆነ በየዓመቱ ከዋጋው ላይ እየቀነሰ የሚሄድ ንብረት ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ኮምፒዩተር እንደ መሬት አይደለም፤ አስቀምጠው ሲጠብቁት ይረክሳል እንጂ አይወደድም።

ከኢኮኖሚ አንጻር ሲታይ ማሽንና ሙያ እንደ በሬና እንደ ገበሬ ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው አያርስም። በሬው ሲወደድ ብልህ የሚባለው ሁለተኛ በሬ ለመግዛት የሚሮጠው ሳይሆን ያለውን በደንብ የሚያርስበት ነው።

ፈተናው ኮምፒዩተር ላይ ሲመጣ

የዲጂታል ችሎታ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በውዴታ የሚያዝ ነገር መሆኑ ያበቃው በሐምሌ 2015 ነው ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ፤ ፈተናውም የተሰጠው በኮምፒዩተር ነበር። በትምህርት ሚኒስቴር መግለጫ መሠረት 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ይህም 40.65 በመቶ ነው። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632፣ ከግሉ ዘርፍ ከተፈተኑት 72,203 ተማሪዎች ደግሞ 12,422 ብቻ አልፈዋል።

እርግጥ ነው፣ የውጤቱ ዋነኛ ምክንያት የትምህርቱ ጥራት እንጂ የኮምፒዩተር ችሎታ ነው ለማለት አይቻልም። ሆኖም ፈተናው ለዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች አዲስ ሥራ ይዞ መጣ። ላቦራቶሪው በተወሰነው ሰዓት በመቶ የሚቆጠሩ ማሽኖችን በአንድነት ማስነሳት አለበት። ኔትወርኩ መጠበቅ አለበት። የመብራት መጠባበቂያው ለፈተናው ሰዓት መብቃት አለበት። ሬጅስትራሩ የተማሪውን ስምና መለያ ቁጥር ያለ ስሕተት ማስገባት አለበት፤ አንድ ፊደል ሲሳሳት ተማሪው በሩ ላይ ይቀራል። መምህሩም ተማሪዎቹን በተመሳሳይ መንገድ ሊያለማምድ ከፈለገ ጥያቄ በኮምፒዩተር ማዘጋጀት መቻል አለበት። ዕድሜ ልኩን በጠመኔ ሲያስተምር የኖረ መምህር ይህን በአንድ ቀን ሥልጠና አይለምደውም።

ከላስታ ገጠር የሚመጣው ተማሪ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ የሚያውቀው ስልክ እንጂ ኮምፒዩተር አይደለም። ኪቦርድ ላይ ጣቱን የሚያስይዘው፣ ፋይል ማስቀመጥን የሚያሳየው መምህሩ ነው። መምህሩ ራሱ ካልቻለ ተማሪው ከማን ይማራል?

የቀረቡት ዕድሎች

በወረቀት ላይ ሲታይ ዕድል አልጠፋም። መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. አጽድቋል። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ፕሮግራም ተጀምሯል፤ ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። በተለይ ለዩኒቨርሲቲዎች የተዘጋጀው ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ የአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ የተባለው አገር በቀል ድርጅት በጋራ የሚያካሂዱት «ኢ-ሺ» የተሰኘ ፕሮግራም ነው። ግቡ በ50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 35,000 መምህራንንና 800,000 ተማሪዎችን መድረስ ነው። መምህራን በኢንተርኔት ማስተማር የሚያስችላቸውን ኮርስ ይወስዳሉ፤ ተማሪዎችም በዩኒቨርሲቲ ቆይታቸው የሚረዳቸው ትምህርት ተዘጋጅቶላቸዋል።

የፕሮግራሙ አስተሳሰብ ከቀድሞው የተለየ ነው። የሚያስቀድመው የስክሪኑን ሳይሆን የመምህሩን ነገር ነው። ለዚህ መሠረት የሚሆን ልምድም አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ዘዴ የሚማሩበት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ሲሰጥ ቆይቷል። መምህሩ ሥራውን ሳይለቅ በቡድን ሆኖ ለወራት ይማራል፣ ክፍል ውስጥ ይሞክረዋል፣ ተመልሶ ይወያይበታል። ዲጂታል ሥልጠናም በዚህ መልክ ሲሰጥ ሥር ይሰዳል፤ በሦስት ቀን ወርክሾፕ ሲሰጥ ግን ከሰርተፊኬቱ ሌላ የሚተርፍ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ስለ አበል ሳይነሳ አይታለፍም። በመሥሪያ ቤቶች ሥልጠና ማለት ለብዙ ሰው የውሎ አበል ማለት ሆኗል። ደመወዝ ባነሰበት ኑሮ ይህ አያስወቅስም። ነገር ግን ሠልጣኙ የሚመረጠው ሥራው ስለሚፈልገው ሳይሆን ተራው ስለደረሰ ከሆነ ገንዘቡ ከንቱ ይቀራል። መፍትሔው አበሉን መከልከል አይደለም። ከመቀመጫው ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር ማያያዝ ነው፤ አንድ ኮርስ በኮምፒዩተር ላዘጋጀ፣ አንድ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ላሸጋገረ ሠራተኛ መክፈል።

መስመሩ ሲቋረጥ

ከሁሉ የሚከብደው እንቅፋት ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ያለው ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራም ለጊዜው ቆሞ ነበር። በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና የተመደበለት መምህር ያለ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል? በኢንተርኔት እንግዳ የሚያስመዘግበው የላሊበላ ሆቴልስ? ሁለቱም ያጡት አንድ ነገር ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ጀምሮ ቱሪስት ለራቃት፣ ከዚያም ጦርነት ለጎበኛት ከተማ ይህ ሦስተኛው ዱላ ነበር።

ለዚህ ችግር ቴክኒካዊ መልስ አለ። ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም ርካሽ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የግቢ ውስጥ ኔትወርክ የግድ አይቋረጥም። እንደ «ሙድል» ያለው የማስተማሪያ ሶፍትዌር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ሲሆን በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ መትከል ይቻላል። መምህሩ ትምህርቱን እዚያ ይጭናል፤ ተማሪው ከቤተ መጻሕፍቱ ወይም ከማደሪያው በገመድ ወይም በዋይፋይ ይከፍተዋል፤ ፈተናው ይሰጣል፣ ይታረማል። መስመሩ በተመለሰ ጊዜ ከውጭ የሚመጣውን መጽሐፍና ቪዲዮ አውርዶ ማከማቸት ነው። ገበሬ በመኸር ጎተራውን እንደሚሞላው ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ ሰርቨር፣ በቂ ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያና ከሁሉ በላይ ይህን የሚያስተዳድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰዎቹ አንድ ብቻ መሆን የለባቸውም፤ አንዱ የለቀቀ ቀን ሥራው ሁሉ አብሮ ይቆማልና።

ሠልጥኖ የሚሄደው

ሠልጥኖ የሚለቅ ሰው ነገር የሥራ ገበያውን ያነሳል። ኔትወርክ የሚያስተዳድር፣ ዳታ የሚተነትን፣ ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ብቻ አይፈለግም። ባንኮች በሞባይል ገንዘብ ማንቀሳቀስ ውስጥ ገብተዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀምሯል። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 በይፋ ሥራ ጀምሮ የቴሌኮሙ ብቸኛ ቤት ሁለት ሆኗል። እነዚህ ሁሉ ሰው ይፈልጋሉ፤ የሚከፍሉትም ከመንግሥት የደመወዝ ስኬል ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለዚህ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ አለ፦ አሠልጥኜ ለባንክ ልሰጥ ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የኢኮኖሚ ትምህርት እንደሚለው የትም ቢሄዱ የሚሠራበትን ሙያ አሠሪ በራሱ ወጪ ለማስተማር ይሳሳል፤ ጥቅሙን ሌላው ይወስድበታልና። ሆኖም አለማሠልጠንም ዋጋ አለው፤ ያልሠለጠነው ሠራተኛ አይሄድም፣ ሥራውም አይሄድም።

የሚሻለው መንገድ ሙያውን በጥቂት ሰዎች ላይ ከመከመር በብዙዎች ላይ መዘርጋት ነው። የኔትወርክ ባለሙያው ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን የታሪክ መምህሯ ትምህርቷን በራሷ መጫን ከቻለች፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ መዝገቡን በራሱ መያዝ ከቻለ፣ የሬጅስትራሯ ሠራተኛ ዝርዝሩን አጣርታ መላክ ከቻለች ተቋሙ በአንድ ሰው ላይ አልተንጠለጠለም። እነዚህን ሠራተኞች ባንክ በኮምፒዩተር ችሎታቸው ብቻ አይነጥቃቸውም፤ ለዩኒቨርሲቲው ግን ከማንም በላይ ይጠቅማሉ።

የተረሱት የቢሮ ሠራተኞች

የሥልጠና ነገር ሲነሳ ሁሉም ስለ መምህራን ያወራል። ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው ግን የአስተዳደር ሠራተኛው ነው። የፌዴራል መንግሥት ግዥ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ጨረታው በኢንተርኔት ይወጣል፣ አቅራቢው በኢንተርኔት ይመዘገባል፣ ሰነዱን በኢንተርኔት ያስገባል። በዚህ አሠራር በማዶ ያለው የግዥ ሠራተኛ ካልሠለጠነ በወዲህ ያለው ነጋዴ ይንገላታል። በወዲህ ያለው ነጋዴ ካልሠለጠነ ደግሞ ጨረታው ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ብቻ ይቀራል። የወልዲያና የላሊበላ አቅራቢ በደጃፉ ያለውን ገበያ እንዳያጣ እርሱም መማር አለበት።

ሌላው ብዙ ያልተነገረለት ችግር የፊደል ነገር ነው። በቢሮዎች ውስጥ ለዓመታት የተጻፈው ሰነድ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍትም ኒያላ የተባለውን ፎንት በኋላ ከዊንዶውስ ጋር ማቅረብ ጀምሯል። በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ በስም መፈለግም አይቻልም። አንድ አቅራቢ ከዓመታት በፊት የተጻፈ የውል ደብዳቤ ሲጠይቅ «ፋይሉ አልከፈት አለ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሠራተኛው በዩኒኮድ እንዲጽፍ ማስለመድ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ አሮጌውን ሰነድ መቀየር ግን ጊዜና ሰው ይፈልጋል። ይህ ራሱን የቻለ የሥራ መስክ ነው።

ለነጋዴው የቀረበው ገበያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ችግር ብቻ አይደለም፤ ፍላጎትም ነው። ፍላጎት ባለበት ደግሞ ገበያ አለ።

አንደኛው ሥልጠናን ከዕቃው ጋር አያይዞ መሸጥ ነው። ኮምፒዩተር አስመጪው በዋጋ ብቻ ሲወዳደር ትርፉ በዶላር መወደድ ተበልቷል። ማሽኑን አቅርቦ ለስድስት ወር በየሳምንቱ ሠራተኛ የሚያለማምድና የሚጠግን ድርጅት ግን የሚያቀርበው ሌላ ሸቀጥ ነው፤ ወጪውም በአብዛኛው በብር እንጂ በዶላር አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎችም በበኩላቸው በጨረታ ሰነዳቸው ሥልጠናን ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ክፍል አድርገው ሊያወጡት፣ ከክፍያውም የተወሰነውን ሠራተኛው መቻሉ እስኪረጋገጥ ሊይዙት ይገባል። ሕንፃ ተቋራጭ የጥራት ዋስትና ገንዘብ እንደሚያዝበት ሁሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥገና ነው። ወልዲያ ላይ መለዋወጫ ይዞ የሚቀመጥ፣ ላሊበላ ላይ ወኪል ያለው የጥገና ቤት ማሽን ወደ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚያባክነውን ጊዜና ገንዘብ ያስቀራል። ከዩኒቨርሲቲው ሌላ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትና ሆቴሉ ደንበኛ ይሆናሉ። ምሩቃኑም ሥራ ያገኛሉ።

ሦስተኛው የኃይል አቅርቦት ነው። ባትሪ፣ የመብራት መጠባበቂያና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ያለ ኮምፒዩተር ይሸጣል፤ ኮምፒዩተር ግን በዚያ አካባቢ ያለ እነርሱ ሥራውን አያስተማምንም።

አራተኛው ላሊበላን ይመለከታል። የከተማዋ ሆቴሎች የሚሞሉት በገና ሰሞን ነው። በክረምት ዝናብ ሲጥል ቱሪስት ይጠፋል፤ አልጋው ባዶ ይሆናል። ክረምት ደግሞ አብዛኛው መምህር ከክፍል ነፃ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ሰላሙና መንገዱ በፈቀደ ጊዜ የመምህራን የክረምት ሥልጠና እዚያ ቢካሄድ ባዶ አዳራሽ ይሞላል፤ ሆቴሉም ዋይፋዩን ለማስተካከል፣ ጄኔሬተሩን ለመጠገን ምክንያት ያገኛል። ባለሆቴሎቹ ተባብረው ለዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋጋ ቢያቀርቡ ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ አዳራሾች ጋር የማይወዳደሩበት ምክንያት የለም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩ አብያተ ክርስቲያናት ያሏት ከተማ ናት፤ ሠልጣኙ ከትምህርቱ በኋላ የሚያየው አያጣም።

ባለሀብቱ ግን አደጋውን ሳያሰላ እንዳይገባ። የጸጥታው ሁኔታ፣ የመስመሩ መቋረጥና የመንግሥት ክፍያ መዘግየት እውነተኛ አደጋዎች ናቸው። በአንድ ደንበኛ ላይ የቆመ የጥገና ቤት ያ ደንበኛ በጀት ሲያጥረው አብሮ ይዘጋል። ትንሽ ተጀምሮ ደንበኛን ማብዛት፣ ውል ላይ የክፍያ ጊዜን በግልጽ ማስፈር፣ ሥልጠናውንም ኢንተርኔት በሌለበት ሊሰጥ በሚችል መልክ ማዘጋጀት ይመረጣል።

የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድ ሲያወጡ በመጀመሪያ ሊቆጥሩ የሚገባው ስንት ማሽን እንደጎደላቸው ሳይሆን ካሉት ማሽኖች ስንቱ በምን ሥራ ላይ እንደዋለ ነው። ቆጠራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውጤቱ ግን ከሚገዙት ኮምፒዩተሮች በፊት ማንን ማሠልጠን እንዳለባቸው በግልጽ ያሳያቸዋል፤ ለዕቃ አቅራቢውም ቀጣዩ ጨረታ ምን መያዝ እንዳለበት ይነግረዋል።